በቡና መሳል፣ በአፈር መቀባት፦ የትርፍ ጊዜ ሰዓሊዎች ጥያቄና መልስ

ጅማ ዝናብ ሲይዛት ሰው ቤቱ ይከተታል። ቤት የተከተተ ሰው ደግሞ እጁን ምን ያድርገው? ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች እንደተረዳሁት ብዙዎቻችሁ ቀለም እየበጠበጣችሁ ነው። “ሰዓሊ ነኝ” ብሎ የጻፈ አንድም የለም። መምህር አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ቡና ነጋዴም አለ። ሁሉም “ለራሴ ያህል ነው” ይላል። ጥሩ ነው፤ ለራሱ የሚስል ሰው ቀነ ገደብ የለበትም። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬአቸዋለሁ።

“ከጀበና በተረፈ ቡና ነው የምስለው። ባለፈው ክረምት ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው ሥዕሎች ሻጋታ አወጡ። መስኮት አጠገብ የነበረው ደግሞ ነጥቶ ሊጠፋ ነው። የጅማ ልጅ ሆኜ ቡና ይክዳኝ?” — ተስፋ የቆረጠችው፣ ከጅሬን

ቡናው አልከዳሽም። ግን ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብሽ፤ አንዱ መፍትሔ አለው፣ አንዱ የለውም።

መጀመሪያ ሻጋታው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ቡና ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ነው። የእኛ ዝናብ ከሚያዝያ አካባቢ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ ሁለቱ ለመገናኘት ጊዜ አያጡም። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ያ የተረፈ ቡና ስኳር ነበረው? ጨውስ? በእኛ አካባቢ ቡናን በጨው የሚጠጣ ቤት ብዙ ነው። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ሥዕሉ ደረቀ ስትዪ መልሶ ይረጥባል። ስኳሩ ደግሞ ጉንዳን ይጠራል። ለሥዕል የሚሆነውን ለብቻው አፍዪ፣ ምንም አታስገቢበት።

አፈላሉም ከመጠጡ ይለያል። የጀበና ቡና ለሥዕል ቀጭን ነው። አጥልዪውና በትንሽ ድስት፣ በቀስታ እሳት፣ ወፈር እስኪል ይመጠጥ። ከዚያ ውኃ እየጨመርሽ ደረጃ አውጪለት። እኔ በሦስት ስኒ ነው የማስቀምጠው፤ ለጥላው አቦል፣ ለመካከለኛው ቶና፣ ለሰማዩ በረካ። አንድ ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ጣል ብታደርጊበት ሻጋታን ያዘገያል፤ ውኃ ቀለም የሚሠሩ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። በኔስካፌ መሳል ይቀላል፤ ሙሉ በሙሉ ስለሚሟሟ ዝቃጭ የለውም። ጅማ ተቀምጦ ኔስካፌ መግዛት ግን… እሺ፣ ለጎረቤት አትንገሪ።

ስትሰቅዪም ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ፤ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ አየር በጀርባው ይዙር። መስታወት ካለው፣ መስታወቱ ወረቀቱን አይንካው። ክረምት ላይ ፍሬም አታስገቢ፤ እርጥበቱን አብረሽ ነው የምትቆልፊበት። የሻገቱትን ውጭ አውጥተሽ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረጊያቸው። እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነኪያቸው፤ ሻጋታውን ታሰራጪዋለሽ።

የነጣው ግን አይመለስም። የቡና ቀለም ከተክል የመጣ ነው፤ ብርሃን ይበላዋል። ከመስኮት አርቂው፣ እንደጨረስሽም ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ። ለሰው በስጦታ ስትሰጪ ጠባዩን ንገሪያቸው። የማይነጣ ቀለም ከፈለግሽ ቀጣዩን ጥያቄ አንብቢ።

“የሒሳብ መምህር ነኝ። ጫማዬ ላይ የሚለጠፈውን ቀይ አፈር ባየሁ ቁጥር ‘ይህ እኮ ቀለም ነው’ እላለሁ። በውኃ በጥብጬ ሞከርኩት፤ ሲደርቅ ረገፈ።” — መምህሩ፣ ከቦሳ ቂጦ

ልክ ነዎት፣ መምህር። ቀለም ነው፤ ያውም ከማይነጡት ወገን። የአፈራችን ቅላት የሚመጣው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ዝገት ማለት ነው። የዛገ ነገር ከዚያ ወዲያ ፀሐይ አያስፈራውም። የጥንት የዋሻ ሥዕሎች ቀያቸው ሺህ ዓመታት አልፎት ዛሬ የሚታየው በዚሁ ዓይነት አፈር ስለተሠሩ ነው።

የረገፈብዎ ማጣበቂያ ስለሌለው ነው። የትኛውም ቀለም ዱቄትና ማጣበቂያ ነው፤ ውድ የሆነውም ርካሹም። ዱቄቱን እርስዎ አግኝተዋል። ግን መጀመሪያ ይጥራ። ላይ ላዩን አፈር ይተዉት፤ ሥርና ፍግ አለበት። መንገድ ሲቆረጥ ከሚታየው ገደል ጥቂት ይውሰዱ። ያድርቁት፣ ይውቀጡት፣ በባልዲ ውኃ ያማስሉት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ቀይ ውኃ ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡና ይተዉት፤ በማግሥቱ ውኃው ጠርቶ ከሥር ልስልስ ያለ ጭቃ ያገኛሉ። ሥራው ሁሉ ለእርሱ ነው። ያድርቁትና እንደገና ይፍጩት። ሙቀጫውን ከወጥ ቤት እንዳይወስዱ፤ ጠብ አልፈልግም።

ቢጫ አፈር ካጋጠመዎ ደግሞ በአሮጌ ምጣድ ያምሱት። ሲግል ቀስ በቀስ ይቀላል። ከአንድ ቁና ቢጫ አፈር፣ በየደረጃው ከእሳት እያወጡ፣ ከብርቱካንማ እስከ ጥቁር ቀይ የሚደርስ ረድፍ ቀለም ያገኛሉ።

ማጣበቂያው እንደ ፍላጎትዎ ነው። የእንቁላል አስኳል ከእኩል ውኃ ጋር ቢመቱ ጠንካራ ቀለም ይወጣዋል፤ ግን የዕለቱን ለዕለቱ ነው፣ አድሮ ይሸታል። የሚሰበርም ስለሆነ ጣውላ ላይ እንጂ ጨርቅ ላይ አይመከርም። ውኃ ቀለም ከፈለጉ የግራር ሙጫ በሞቀ ውኃ ያሟሙ። ጥቂት ማር ቢገባበት አይሰነጣጠቅም፤ ማር ደግሞ በጅማ አይቸግርም። ሆኖም ከሙጫው አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ፤ በዚህ እርጥበት ሥዕልዎ ሲያጣብቅ ይከርማል። ሙጫ ተብሎ ዕጣን እንዳይሸጥልዎ ይጠንቀቁ፤ ዕጣን ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ሁለቱም ካልተገኘ የአናጺ ነጭ ኮላ በውኃ ቀጥኖ ይሠራል። ብሩሹን ግን ወዲያው ይጠቡ፤ ከደረቀ አለቀለት።

ጥቁሩን ከጥላሸት ያግኙ። የብራና ጸሐፊዎች ሲሠሩበት የኖሩት ነው፣ እርሱም አይነጣም። ጥላሸት ውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ካስቸገረዎ ጥቂት አረቄ ጠብ ያድርጉበት፤ እሺ ይላል። ቢጫን ከእርድ፣ ቀይን ከእንሶስላ አመጣለሁ ካሉ ለጨዋታ ይሁን እንጂ ግድግዳ ላይ አያድርጉት፤ ሁለቱም ይለቃሉ። እርድ ላይ ግን የሳሙና ውኃ ጠብ ያድርጉ። ወደ ቀይ ይዞራል። ተማሪዎችዎ ይወዱታል፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ቢቀየምም።

“የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው። ዘይት ቀለም ጀምሬ፣ በማቅጠኛው በአኳራጅ ሽታ የተነሳ ባለቤቴ ‘ወይ አኳራጁ ወይ እኔ’ ብላኛለች። ምን ይሻላል?” — ተከራዩ፣ ከጊንጆ

እሷ ትሻላለች።

ዘይት ቀለሙ ራሱ ብዙም አይከፋም። በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ነው፤ የሚደርቀውም ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እንጂ እየተነነ አይደለም። ለዚያ ነው ሳምንት የሚፈጅበት። ራስ የሚያዞረው አኳራጁ ነው። በአንድ ክፍል ቤት፣ ያውም የከሰል ምድጃ በሚነድበት፣ አኳራጅ ክፍት ማስቀመጥ ከሽታም በላይ ነው፤ ቃጠሎ ያመጣል። ብሩሽህን በምግብ ዘይት አርሰህ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ በሳሙና እጠበው። ያለ አኳራጅ ይሠራል።

ይህችን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቃትም፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ሲጣል በራሱ ይግላል። ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ወይ ውጭ ዘርግተህ አድርቀው፣ ወይ ውኃ ውስጥ ነክረህ አስቀምጠው። አልጋ ሥር እንዳትወረውረው።

እኔ ብሆን ወደ አክሪሊክ እዞር ነበር። በውኃ ይበጠበጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም። ሸራ ከተወደደብህ አቡጀዲ ወጥረህ ነጭ ዋተር ቤዝ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው፤ ለመለማመጃ ይበቃል። የጀመርካቸውን የዘይት ሥዕሎች ግን በአክሪሊክ እጨርሳለሁ እንዳትል፤ ዘይት ላይ አክሪሊክ አይዝም፣ ይላጣል። ተገላቢጦሹ ይሆናል።

“በስልክ ላይ በጣቴ መሳል ማጭበርበር ነው?” — ተማሪ

አይደለም። ዓይንህ ነው የሚስለው። ባትሪ ሲያልቅ ግን እርሳስ ያዝ።

“ከአያቴ የወረስኳት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለች። በአክሪሊክ አበባ ልስልባት አስቤአለሁ። መጀመሪያ ምን ልቀባት?” — ከሄርማታ

ምንም። እባክሽ።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፤ መገጣጠሚያ የላትም። የአያትሽ ደግሞ በጊዜ፣ በእጅና በቅቤ ጠቁራ ይሆናል። ያንን ጥቁረት በብር አታገኚውም። በዚያ ላይ በየቀኑ የሚቀመጡባት ዕቃ ናት፤ ቀለሙ ተፋቅፎ ቀሚስሽ ላይ ይቀራል። መሳሉ ካልቀረ ከመንገድ ዳር ጠራቢዎች አዲስ ግዢና እሷ ላይ ሞክሪ። የጋለ ብረት በመጠቀም እንጨቱን እያቃጠሉ መሳልም አለ፤ እርሱ አይላጥም። አዲሷ ተበላሸች ብለሽ ብታዝኚ እንኳ አያትሽ አይታዘቡሽም።

“ገበያ ውስጥ ሰው ስስል ይቆጡኛል። አንዲት እናት ቅቤያቸውን ጥለው ሊመቱኝ ተነሱ።” — ከሰጦ ሰመሮ

ሳትጠይቅ ስለሳልካቸው ነዋ። ቀጥ ብለህ ሄደህ ሰላም በል፤ ለትልቅ ሰው “አካም ጅርቱ” ብለህ ጀምር። ከተቻለ አንድ ነገር ግዛ። ከዚያ ደብተርህን አሳያቸው፣ ፈቃድ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ዕቃቸውን ሳል፤ ቅርጫት፣ ገንቦ፣ የበርበሬ ክምር። ከሳልካቸው ደግሞ ሳታሳያቸው እንዳትሄድ። አፍንጫዬን አተለቅከው ይሉሃል፣ ተቀበል። ገበያ ከጀርባው የሚሳል ሰው ሞልቶታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀርባ መጀመር አሪፍ ነው።

“አንድ ነገር ላይ አልጸናም። ባለፈው ዓመት ከሰል፣ ከዚያ ሸክላ፣ ከዚያ ጥልፍ፣ አሁን ደግሞ ከጎማ ማኅተም እየቀረጽኩ ማተም። እህቴ ‘ጀማሪ ብቻ’ እያለች ትስቅብኛለች።” — ከቆጪ

እህትሽን ተያት። አፈወርቅ ተክሌን ሰው በዘይት ቀለማቸው ያውቃቸዋል፤ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕልም የእሳቸው ነው። እስክንድር ቦጎስያን ሸራ ብቻ አልበቃውም፤ በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። ዛሬ ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ፤ በክርና በልብስ ቁልፍ ይሠራ የነበረው፣ አሁን የኮምፒውተር ሽቦና የኪቦርድ ቁልፍ እየሰበሰበ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። ዕቃ መቀያየር ኃጢአት አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በዪ። እነዚህ ሰዎች ዕቃው ሲቀየር የሚያዩት ነገር አልተቀየረም። አንቺ ግን፣ ከደብዳቤሽ እንደምገምተው፣ ዕቃው በተቀየረ ቁጥር የምትስዪውንም ትቀይሪያለሽ። ከሰል ላይ የሰው ፊት፣ ሸክላ ላይ ዶሮ፣ ጥልፍ ላይ ጽጌረዳ። እስቲ አንድ ነገር ምረጪ። ለምሳሌ የአዌቱ ድልድይ ይሁን። እሱኑ በከሰል ሳዪው፣ በክር ጥለፊው፣ በጎማ ቅረጪው። ያኔ ዕቃዎቹ ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ይገባሻል። ከሰል ጭጋጉን ይሰጥሻል፤ ጎማ ጭጋግ አያውቅም፣ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው። ክር ደግሞ ታጋሽ ሰው ይፈልጋል።

ስለ ጎማው ካነሳሽ አይቀር፣ የጫማ ሶል ጠንካራ ነው፤ ምላጩ እየሸሸ እጅ ይቆርጣል። ሁልጊዜ ወደ ውጭ ቁረጪ፣ የያዘው እጅሽ ከምላጩ ኋላ ይሁን። አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በመቀስ ይቆረጣል፤ ቅርጹን ቆርጠሽ ጣውላ ላይ በማጣበቂያ ለጥፊና ቀለም ቀብተሽ አትሚ። ፊደል ካለበት ገልብጠሽ ጻፊ፤ ሲታተም ይዞራልና።

“የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስስል ሁልጊዜ ይንጋደድብኛል።” — ጡረተኛው፣ ከጅሬን

ጋሼ፣ ሰገነቱ ነው የሚያሳስትዎ። ከታች ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ፣ ከዓይንዎ ከፍታ በላይ ያሉት አግዳሚ እንጨቶች ሁሉ እየራቁ ሲሄዱ ወደ ታች ያዘነብላሉ። እጅ ግን “እንጨት እኮ ቀጥ ያለ ነው” ብሎ ቀጥ አድርጎ ይስላቸዋል። መጀመሪያ የዓይንዎን ከፍታ በቀጭን መስመር ወረቀቱ ላይ ያስምሩ። ከዚያ እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዘው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ የእያንዳንዱን እንጨት ዝንባሌ በእርሳሱ ይለኩ። የእንጨት ጌጡን መጨረሻ ላይ ያስገቡ። ጠዋት ቢሄዱ ይሻላል፤ ጥላው ደህና ነው፣ ከሰዓት ዝናብ ይመጣል።

“ሥዕሎቼን ፎቶ ሳነሳ ያብለጨልጫሉ።” — ብዙዎቻችሁ

ፍላሹን አጥፉ። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ጥላ፣ ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፉ። ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ያዙ። ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ቁረጡት፤ በጣም ስትቀርቡ ጠርዙ ይጣመማል።