ካውንስለሬ ሐይቅ ዳር እናቴ ፊት ሰላም አለኝ

ሰላም እታለም፣ አንቺ የምልሽ እንደ ታላቅ እህቴ ስለማይሽ ነው። ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ 28 አመቴ ነው፣ ባንክ መስኮት ላይ እሰራለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሌሊት እየባነንኩ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኝ ጀመር፣ ልቤ ነው ብዬ ብመረመር ምንም የለብሽም ተባልኩ፣ ከዛ አንዷ የስራ ባልደረባዬ ስልክ ሰጥታኝ ካውንስለር (የምክር ባለሙያ) ጋ መሄድ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እናቴ ብትሰማ ጠበል ካልገባሽ ብላ መከራዬን ነው የምታበላኝ። ሰውየው በእውነት ደስ ይል ነበር፣ አይቸኩልም። በሶስተኛው ቀን ስለ አባቴ ኮት ነገርኩት፣ እስካሁን በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ ዝም ብሎ ቆየና "አቧራውን ማነው የሚያራግፈው?" አለኝ። እኔ ነኛ። አለቀስኩ አለቀስኩና የዛን ሌሊት ተኛሁ።

ከዛ አንድ እሁድ ከእናቴ ጋ ሐይቅ ዳር አሳ ልንበላ ቁጭ ብለን እሾሁን እያወጣሁላት እሱ ከሰዎች ጋ ሲያልፍ አየኝና መጣ። "እንዴት ነሽ፣ እንቅልፉ ተሻለሽ?" በቃ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ "ማነው? የምን እንቅልፍ?" ስትል የባንክ ደንበኛ ነው ብዬ ዋሸሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ሁሉ "ለመሆኑ አግብቷል?" እያለች ነው ቤት የገባነው።

ከዛ ወዲህ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ የጠየቀኝን ሁሉ "ደህና ነኝ" ነው የምለው፣ ሙይ ያለኝንም ደብተር አልነካሁትም፣ ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ቀረሁ። ጓደኛዬ ደግሞ "ልታገቢው ነው እንዴ? አተነፋፈሱን አስተምሮሻል፣ ዋናው ዘዴው ነው" ትለኛለች። እኔ ነኝ ያካበድኩት? ልተወው?

ቅር ያላት፣ ከአባይ ማዶ

መልስ

እታለሜ፣ አላካበድሽም። ብዙ ካውንስለሮች ገና በመጀመሪያው ቀን "ውጪ ከተገናኘን አንቺ ቀድመሽ ካልሰላምሽኝ አልሰላምሽም" ብለው ይነግራሉ፣ እሱ ያንን አልነገረሽም መሰለኝ። እርግጥ የኛ ከተማ ያው ታውቂዋለሽ፣ ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ድልድይ በእግርሽ ስትሄዪ ሰላም ሳትዪው ያለፍሽው ሰው ማታ ለዘመድ ስሞታ ይናገርብሻል፣ ስለዚህ ሰላምታውን ይቅር እለዋለሁ። እንቅልፉን ግን አልለውም። እሱ የክፍሉ ወሬ ነበር፣ እዛው መቅረት ነበረበት።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። "ዘዴው ነው ዋናው" ያለችው ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኤድዋርድ ቦርዲን የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ሰው በ1979 እ.ኤ.አ. የባለሙያና የደንበኛን ግንኙነት በሶስት ነገር አስቀምጦታል፣ ወዴት እንደምትሄዱ መስማማት፣ ለዛ ምን እንደምትሰሩ መስማማትና በመሀላችሁ ያለው መተማመን። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ 295 ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው፣ ከ30,000 በላይ ታካሚ ያለባቸው፣ የቴራፒው (የንግግር ህክምናው) አይነት ምንም ይሁን ምን ግንኙነቱ ጥሩ ሲሆን ውጤቱም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ብቻውን ተአምር ይሰራል አልተባለም፣ ልዩነቱ መካከለኛ ነው፣ ግን ተመራማሪዎቹ ደጋግመው የሚያገኙት ያንኑ ነው።

ደግሞ ለምን እንደሆነ ካንቺው ደብዳቤ ይታያል። ደብተሩን ትሞዪ የነበረው ደብተሩ ደስ ብሎሽ ነው እንዴ? የኮቱን ነገር የጠየቀሽ ሰው ስለሰጠሽ ነው፣ እሱ ላይ ቅር ሲልሽ ደብተሩም አብሮ ተዘጋ። እና አሁን በየቀጠሮው እሱ የሚያክመው አንቺን አይደለም፣ "ደህና ነኝ" የምትለዋን ሴትዮ ነው፣ ለሷ ነው ብር እየከፈልሽላት ያለሽው።

ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ አይነቱን መቀያየም ለረጅም ጊዜ አጥንተውታል። ሁለት መልክ አለው ይላሉ፣ አንዱ ባለሙያው ላይ ፊት ለፊት መቆጣት፣ ሌላው ደግሞ በዝምታ መሸሽ፣ መስማማት መምሰል። ያንቺ ሁለተኛው ነው፣ የኛ የጨዋ ልጆች በሽታ በይው። የሚገርመው ነገር ቅሬታው ወጥቶ ከተነገረና ባለሙያው በደንብ ከተቀበለው ቴራፒው ባለበት አይቆምም፣ እንደውም ብዙ ጊዜ ወደፊት ይሄዳል። አስቢው እስቲ፣ ካንቺ በላይ የሆነን ሰው "አስቀየምከኝ" ብለሽ ሰምቶሽ ያውቃል? እኔ እስከ ሰላሳ አመቴ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንዴ ሂጂ። ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ፣ እንዴት ነሽ ሳይልሽ፣ "ዶክተር፣ (ዶክተር ባይሆንም እንደዛ እንደምትዪው አልጠራጠርም) እሁድ እናቴ ፊት ስለ እንቅልፌ ጠየቅኸኝ፣ ከዛ ወዲህ አፌ አልከፈት አለኝ" በይው። ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ ጽፈሽ አንብቢለት፣ ቀድመሽ በቴሌግራም ብትልኪለትም ያው ነው። ከዛ ፊቱን እዪ። "ልክ ነሽ፣ አጥፍቻለሁ" ካለና ከዛ በኋላ ምን እንደተሰማሽ ከጠየቀ፣ ውጪ ስትገናኙም ምን እንደምታደርጉ ከተነጋገራችሁ ቆዪ። "ኧረ ቀላል ነገር ነው" ብሎ ከሳቀ፣ ወይ ደግሞ አስር ደቂቃ ስለራሱ ካስረዳሽ፣ ሂሳብሽን ከፍለሽ ውጪ፣ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። ከተማው ጠበበኝ ካልሽ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ የሚሰሩ አሉ፣ ቢያንስ አሳ ቤት አታገኚያቸውም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ግንኙነት ስል ሁሌ የሚያባብልሽ ሰው ማለቴ አይደለም። ከበደኝ ብለሽ ስለ ኮቱ ጠይቆሽ ብትቆጪበት ያ ሌላ ነው፣ ያ ስራው ነው።

ለእናቴ ምን ልንገራት ላልሽው፣ አላልሽም ለካ፣ ግን ልመልስልሽ። ለሷ ዛሬውኑ መናገር የለብሽም። አግብቷል ወይ ብላ ደግማ ከጠየቀች ግን አላውቅም በያት፣ እውነትሽንም ነው።