ሜዳልያ ያልመጣበት 11 ዓመት

ውድ ወንድሜ፣ ከደብረ ብርሃን የላክኸው ደብዳቤ ከልቤ ገብቷል። ለ11 ዓመት በጎዳና ብስክሌት፣ አራቱን ዓመት በውጭ አገር፣ ከተወዳደርክ በኋላ በ31 ዓመትህ ማቆምህን፣ አባትህ ግን «ሜዳልያ ካላመጣህ ስትጫወት ነው የኖርከው» ብለው ያጠራቀምከውን ገንዘብ ከአጎትህ በሚወሰድ ብድር ላይ ጨምረህ ባጃጅ እንድትገዛ መወሰናቸውን ጽፈሃል።

ስትጫወት አልኖርክም። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ ለመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ለዓመታት የቆየው በአመዛኙ የቡድን መሪዎቹን በማገዝ ነው። አንተም ወደ ቡድኑ መኪና ተመልሰህ ስድስት ጠርሙስ ውሃ በማሊያህ ውስጥ አጭቀህ፣ ጓደኞችህ ከኋላህ እንዲያርፉ ነፋሱን በደረትህ ስትከፍል የኖርክ ሰው ነህ። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና በጉም ውስጥ ሲወረድ ፍሬኑ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ በመታጠፊያው ላይ እንደማይያዝ ለአንድ ታዳጊ አጠገቡ ሆኖ የሚያሳይ ሰው በአካባቢያችን ስንት አለ?

ስለዚህ አባትህን አክብራቸው፤ ገንዘቡን ግን አትስጣቸው። ባጃጅ መንዳት የተከበረ ሥራ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ውሳኔው የእርሳቸው ሆኖ ዕዳው በአንተ ስም መጻፉ ነው፤ የዘመድ ብድር ደግሞ ገበያ በቀዘቀዘበት ወር የቤተሰብ ጠብ ይሆናል። ያንን ገንዘብ ለትምህርት አውለው። እኔ ዘጠኝ ዓመት በጋራዥ ከሠራሁ በኋላ በማታ ስማር ብዙ ዘመዶቼ ገንዘብ አባከነ ብለውኛል፤ እጄ የሚያውቀውን ሥራ ሌሎችን እንዳስተምር የተፈቀደልኝ ግን የምስክር ወረቀቱን ከያዝኩ በኋላ ነው። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት በማታ ወይም በእረፍት ቀናት ጀምር፤ የዕለት ወጪህን ደግሞ በብስክሌት ጥገና ሸፍን። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በስዊዘርላንድ፣ ኤግል ከተማ ባለው ማዕከሉ የአሰልጣኝነትና የመካኒክነት ሥልጠና ስለሚሰጥ፣ መመዘኛውን የአገራችንን የብስክሌት ፌዴሬሽን በደብዳቤ ጠይቅ።

ዕድሜህ ለትምህርት አልረፈደም። ጉልበትህን በሐኪም አስመርምር። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ አትቸኩል።

ልጆቹን ማሠልጠን ስትጀምር አንድ እሑድ ማለዳ አባትህን በአጃቢው መኪና የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠህ እስከ ጣርማ በር ድረስ ይዘሃቸው ውጣ።