ፓርኔልን የጣለው ሐሰተኛው ደብዳቤ አልነበረም

የአየርላንዱን መሪ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔልን ለውድቀት የዳረገው ሐሰተኛው ደብዳቤ እንደሆነ ለጠየቁት፣ አይደለም፤ እንዲያውም ክብሩን ከፍ አድርጎለታል። እ.ኤ.አ. በ1887 ታይምስ ጋዜጣ ፓርኔል የደብሊኑን የፊኒክስ ፓርክ ግድያ (በ1882 የሁለት የብሪታንያ መንግሥት ባለሥልጣናት መገደል) እንደደገፈ የሚያስመስል ደብዳቤ ቢያትምም፣ በ1889 ይህንና ሌሎች ደብዳቤዎችን የፈጠረው ጋዜጠኛ ሪቻርድ ፒጎት በአጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ጥቂት ቃላት እንዲጽፍ ሲጠየቅ፣ ከሐሰተኞቹ ደብዳቤዎች በአንዱ የነበረውን የፊደል ግድፈት በገዛ እጁ ደገመው (ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል!)። ፓርኔል የወደቀው በ1890 ነው፤ ካፒቴን ኦሼይ ሚስቱን ካትሪንን በፍርድ ቤት ሲፈታ ፓርኔልን የሚስቱ ውሽማ ነው ብሎ ስሙን ስላነሣ የፓርኔል አጋር የነበረው የብሪታንያ ሊበራል ፓርቲ መሪ ግላድስተን ፊቱን አዞረበት፣ የካቶሊክ ጳጳሳት ተቃወሙት፣ ፓርቲውም ለሁለት ተከፈለ። በ1875 ፓርላማ ገብቶ፣ ከ1879 ጀምሮ የመሬት ሊግን እየመራ ለጭሰኞች የታገለው ይህ ሰው ኦክቶበር 6 ቀን 1891 በ45 ዓመቱ ሲሞት፣ ካትሪንን ካገባ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር።