መልስ፦ የአካባቢ መስተዳድር በጀት ትኩረቱን የሚቀይረው ምን ሲሆን ነው?

ጠያቂያችን የአካባቢ መስተዳድሮች የወጪ ቅድሚያ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ቆይቶ ድንገት የሚለወጠው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። በጀት በአብዛኛው የሚዘጋጀው ያለፈውን ዓመት መነሻ አድርጎ ነው፤ ደመወዝ፣ የዕዳ ክፍያና የተጀመሩ ሥራዎች አስቀድመው ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ለአዲስ ሐሳብ የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው። ዘንድሮ በካፒታል በጀት የተገነባ ክሊኒክ ከርሞ ነርስ፣ መድኃኒት፣ መብራትና የጣሪያ ጥገና ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ሕንፃው እስካለ ድረስ በመደበኛ በጀቱ ላይ ይቀጥላል። ምክር ቤቶች ግንባታ ሲያጸድቁ ይህን ሸክም አብረው አለማስላታቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የከፋው ጉድለት ነው።

ቀውስ ሲመጣ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በ1858 እ.ኤ.አ. በሰኔና በሐምሌ ሙቀት የቴምዝ ወንዝ ግማት በዳርቻው ያለውን ፓርላማ እስኪያውክ ድረስ በበረታ ጊዜ፣ ለዓመታት ሲጓተት የነበረው የለንደን የፍሳሽ መስመር ግንባታ በሳምንታት ውስጥ ሕግ ወጣለት፤ ገንዘብም ተፈቀደለት።

ወሳኙ አካል ሲለወጥም ወጪው ይለወጣል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎች በኢንቨስትመንት በጀቱ ላይ እንዲመክሩና እንዲወስኑ ስታደርግ፣ የድሃ ሰፈሮች የውኃና የፍሳሽ ጥያቄ ወደ ፊት መጥቷል። ስለዚህ የአንድን ዓመት በጀት ብቻ ከማየት ይልቅ የአሥር ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በተለይ የጥገናውን ድርሻ እንዲያነጻጽሩ እመክራለሁ።