4ኬ ስክሪን ወይስ ፉል ኤችዲ? ለጌም ላፕቶፕ ለሚገዙ አንባቢዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለትምህርትም ለጌምም የሚሆን ያገለገለ ላፕቶፕ ስፈልግ ሁለት አገኘሁ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ ባለ 4ኬ ስክሪን ሲሆን ግራፊክስ ካርዱ ኳድሮ ቲ1000 ነው። ሌላው ፉል ኤችዲ፣ 144 ሄርዝ (ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ)፣ ካርዱ አርቲኤክስ 3050 ባለ 4 ጊጋ ነው። ሁለቱም 15.6 ኢንች ናቸው። ሻጩ «4ኬ እያለልህ ፉል ኤችዲ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ጂቲኤ 5 እና የእግር ኳስ ጌም ነው። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ፉል ኤችዲውን ይውሰዱ። 4ኬ ፊልም ለማየትና ፎቶ ለማስተካከል ያምራል፤ በዚህ ሻጩ አልዋሸዎትም። ፊልም ግን ተሠርቶ ያለቀ ምስል ነው። የጌሙን ምስል ካርዱ እርስዎ እየተጫወቱ እዚያው በዚያው መሣል አለበት።

ሂሳቡን እንየው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ ይሆናል። 4ኬ 3840 በ2160 ስለሆነ 8,294,400 ፒክስል አለው፤ ልክ 4 እጥፍ ማለት ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ለማግኘት ካርዱ አንዱን ፍሬም በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ሠርቶ መጨረስ አለበት። ቲ1000 ጂቲኤክስ 1650 ከሚባለው የጌም ካርድ ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ነው ያለው። ፉል ኤችዲ ላይ ጂቲኤ 5ን ያለ ችግር ያስኬዳል፤ በ4ኬ ግን ያንኑ ጉልበት ለ4 እጥፍ ሥራ ማካፈል ይኖርበታል። የካርዱ ሜሞሪም ሌላ ጣጣ አለው። ሬዞሉሽኑ (የፒክስሉ ብዛት) ሲጨምር ሜሞሪው ቶሎ ይሞላል፤ የተረፈው ወደ ላፕቶፑ ራም ይሻገራል። ራሙ ከካርዱ ሜሞሪ በጣም ስለሚዘገይ ጌሙ በየመሃሉ ቀጥ ይላል። የፍሬሙ ቁጥር ደህና እየመሰለ ጨዋታው የሚያስመርረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

«4ኬውን ገዝቼ ጌሙን በፉል ኤችዲ ብጫወትስ?» ሊሉ ይችላሉ። ይቻላል። 4ኬ በቁመትም በጎንም የፉል ኤችዲ ድርብ ስለሆነ አንዱ ፒክስል በትክክል 4 ይሆናል። ነገር ግን ሲስተሙ ለራሱ ሲተው ምስሉን አለስልሶ ያደበዝዘዋል፤ ጥርት እንዲል ኢንቲጀር ስኬሊንግ የሚባለውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ስክሪኑ የተያያዘው ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ጋር ስለሆነ ምርጫው የሚገኘው በካርዱ ሠሪ በኢንቪዲያ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ሠሪ በኢንቴል ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ በቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ጭራሹኑ የለም። ያም ሆኖ የላፕቶፕ 4ኬ ስክሪኖች አብዛኞቹ 60 ሄርዝ ናቸው። ከፍለው የገዙትን ፒክስል ሳይጠቀሙበት፣ 144 ሄርዙንም አጥተው ይቀራሉ።

ለ3050 የሚያደላ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲኤልኤስኤስ አለው፣ ቲ1000 የለውም። ጌሙ ዲኤልኤስኤስን የሚደግፍ ከሆነ ምስሉን በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ሠርቶ ያሳድገዋል። ፉል ኤችዲ ላይ ኳሊቲ የሚለውን ሲመርጡ ካርዱ በእርግጥ የሚሠራው 1280 በ720 ነው።

ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ይፈትሹት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው በሚከፈተው መስኮት ፐርፎርማንስ ውስጥ የካርዱን ስምና የራሱን ሜሞሪ መጠን ያንብቡ። በሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተው 144 ሄርዙ እውነት መሆኑን ይዩ፤ ስክሪኑ በርካሽ 60 ሄርዝ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚዘነጋው ቻርጀሩ ነው። ጀርባው ላይ ካለው ጽሑፍ የአውትፑቱን ቮልትና አምፔር ያባዙ፦ 19.5 ቮልት በ9.23 አምፔር 180 ዋት ነው፣ 19.5 በ3.34 ግን 65 ዋት ብቻ። በ65 ዋት ቻርጀር ላፕቶፑ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል፣ ካርዱም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመጨረሻ ጌም ከፍተው ቢያንስ 20 ደቂቃ ያጫውቱት። የ2 ደቂቃ ሙከራ ሙቀቱን አያሳይም። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ የፋኑን መውጫ ይደፍናል፤ የከተማዋ ሙቀት ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል። መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፍሬሙ ከወረደ ጽዳትና አዲስ ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) እንደሚፈልግ ቆጥረው ዋጋ ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ቫሎራንት የሚባለው የተኩስ ጌም ሲቆራረጥብኝ ሬዞሉሽኑን ከፉል ኤችዲ ወደ 1280 በ720 አወረድኩት። ምስሉ ተበላሸ እንጂ ፍጥነቱ አልጨመረም። ላፕቶፔ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የቸገረዎት ካርዱ አይደለም። ፒክስሉ ከግማሽ በታች ወርዶ ፍሬሙ ካልተንቀሳቀሰ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን እየጠበቀ ነው። ቫሎራንት ደግሞ ፕሮሰሰር ላይ የሚከብድ ጌም ነው። ሬዞሉሽኑን ወደ ፉል ኤችዲ ይመልሱት፤ ምንም አያጡም። ከዚያ ራሙ በስንት ፍሬ እንደተሞላ ይዩ። አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነና ሁለተኛ ቦታ ካለው፣ ዓይነቱና ፍጥነቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ 8 ጊጋ ይጨምሩ። ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር በሁለት መስመር ሲነጋገር ልዩነቱ በተለይ በእንዲህ ዓይነት ጌም ላይ ይታያል። ከመግዛትዎ በፊት ቻርጀሩ መሰካቱንና የባትሪ ቁጠባው መጥፋቱን አይርሱ፤ በባትሪ ሲጫወቱም ይኸው ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ 2560 በ1600 ስክሪንና አርቲኤክስ 4060 ያለው አዲስ ላፕቶፕ ልገዛለት ነው። ስክሪኑ ይከብደዋል?

መልስ፦ አይከብደውም፣ ይግዙለት። ስክሪኑ 4,096,000 ፒክስል አለው፤ የፉል ኤችዲ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። 4060ው 8 ጊጋ ሜሞሪ ስላለው ይችለዋል፤ ከባድ ጌም ሲመጣ ዲኤልኤስኤስን ኳሊቲ ላይ ያድርግ። ያኔ ካርዱ የሚሠራው 1707 በ1067 ገደማ ነው፣ ከፉል ኤችዲም ያነሰ። ጌሙን ወደ 1920 በ1200 ማውረድ ግን አይመከርም፤ ፒክስሉ በሙሉ ቁጥር ስለማይካፈል ጽሑፉ ሁሉ ይደበዝዛል። ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ ካርዱ የስንት ዋት ነው? የላፕቶፕ 4060 ከ35 እስከ 115 ዋት ሆኖ ይመጣል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ጉልበቱ በጣም ይለያያል። ለዚህ ስክሪን ከ100 በላይ ያለውን ይምረጡ።