ጥያቄና መልስ፦ አርፌም ድካሙ አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ካለፈው ሴሚስተር ወዲህ ጠዋት የምነሳው ዝዬ ነው። እወደው የነበረው ትምህርት አስጠልቶኛል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ደጋግሜ አነባለሁ፣ ፈተና ላይ ግን ምንም አይመጣልኝም። በግቢያችን የሥነ ልቦና ኮቺንግ (ከአንድ አሠልጣኝ ጋር በቀጠሮ እየተነጋገሩ መፍትሔ መፈለግ) ተጀምሯል። «በርቺ፣ ትችያለሽ» መባል ብቻ ከሆነ ግን ጠግቤዋለሁ። ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንቅልፍ የማያወጣው ዝለት፣ ከሚወዱት ነገር መራቅ፣ «ብለፋም አይሆንልኝም» የሚል ስሜት፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ በርንአውት ይባላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክርስቲና ማስላክ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣችው የበርንአውት መለኪያ የሚያየውም እነዚህኑ ሦስቱን ነው፤ በኋላም ለተማሪዎች እንዲሆን ተስተካክሏል። ስለዚህ ስንፍና አይደለም፤ «በርቺ» መባሉም አይፈታውም።

ጥሩ ኮች ከሁሉ በፊት ያጣራል። ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ 2 ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከዘለቀ፣ የምግብ ፍላጎትሽ ከተለወጠ ወይም ተስፋ ከቆረጥሽ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሕክምና ይልክሻል። ደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርም እንዲህ ያዝላሉና ምርመራ አይጎዳም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው መንገርና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሥራው ይጀመራል። ለ7 ቀን በየሰዓቱ ያደረግሽውን ጻፊ፤ ኃይል የሰጠሽን በመደመር፣ የወሰደብሽን በመቀነስ ምልክት ለይው። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኚ 112 ይቀራል። ክፍል፣ ጥናት፣ መንገድና ምግብ ሲደመሩ ከዚያ ካለፉ ጉድለቱ የሚሞላው ከእንቅልፍሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አምስት አዲስ ልማድ በአንድ ሳምንት ልጀምር ማለቱ ነው። በዛለ ሰው ላይ አዲስ ሸክም መጨመር ስለሆነ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፤ መፍረሱም «አይሆንልኝም» የሚለውን ስሜት ያጠነክረዋል። መጀመሪያ አንድ ነገር ቀንሺ።

ከቀነስሽ በኋላ አንድ ለውጥ ብቻ ያዢ፤ መቼና እንዴት እንደምታደርጊውም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሪው፦ «ከምሽቱ 5 ሰዓት ደወሉ ሲጮህ ደብተሬን እዘጋለሁ፣ ነገ የምጀምርበትን ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ደብተሬ ላይ አደርጋለሁ፣ እተኛለሁ።» «በጊዜ እተኛለሁ» ማለት ብቻ ጊዜውን ስለማይወስን ሲመሽ ይረሳል።

ጥናትሽን በተመለከተ፣ ደጋግሞ ማንበብ ገጹን ያለማምድና ያወቁት ያስመስላል። ፈተና ግን ከራስ አውጥቶ መጻፍ ነው፤ ያንን ደግሞ አልተለማመድሽውም። 25 ደቂቃ አንብቢ፣ ዝጊው፣ ያስታወስሽውን በባዶ ወረቀት ጻፊ፣ ከዚያ ገልጠሽ የሳትሽውን ብቻ አርሚ። ያንኑ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላና በሳምንቱ ድገሚው። ጅማሬው ላይ ብዙ ስለሚረሳሽ ያስከፋል፤ ያ መድከም ራሱ ነው ትምህርቱን የሚያጸናው። የተጠናው የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ስለሆነ እስከ 8 ሰዓት ማምሸቱ ልፋትሽን ያባክነዋል።

ፈተና በር ላይ ልብሽ ሲመታ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ ለ5 ደቂቃ ተንፍሺ። የዕለቱን ውጥረት ያበርዳል፤ የተከመረውን ሥራ ግን አያቀልም።

ጥያቄ፦ ለኮቹ የነገርኩት ለመምህራኔ ይደርሳል? ጥሩ ኮችንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ምስጢር የሚጠበቅበትን ደንብ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ጠይቂ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ሌላ ሰው ሊያውቅ እንደሚችልም ከወዲሁ ሊነግርሽ ይገባል። ከአንቺ በላይ የሚናገር፣ በአንድ ቀጠሮ አድንሻለሁ የሚል ወይም ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት አቁሚ የሚልሽ ከሆነ ተይው። ጥሩው «ድካምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ይልሽና 8 ብትዪው «10 እንዳይሆን የያዘው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በየሳምንቱም ይህንኑ ቁጥር ይመዘግባል። ከ4 ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ዕቅዱ ይቀየር። በ7 ቀኑ መዝገብሽ ላይ ጭነቱ ከአቅም በላይ መሆኑ ከታየ ደግሞ መዝገቡን ይዘሽ ከትምህርት አማካሪሽ ጋር አንድ ኮርስ ወደ ሌላ ሴሚስተር ስለማሸጋገር ተነጋገሪ።