ውሃ እየጠጣ የሚጠወልግ ቲማቲም

ጥያቄው ከቆቦ ነው። በቦይ መስኖ የለማ ቲማቲም አበባ መያዝ ሲጀምር ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ይመለሳል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ቅጠሉ ሳይገረጣ እንደቆመ ይሞታል። ጠያቂው ውሃ ጨምረዋል፣ ማንኮዜብ የተባለውን የፈንገስ መድኃኒትም ረጭተዋል፤ ለውጥ የለም።

ምልክቱ የባክቴሪያ አጠውልግ ይመስላል፤ ለማረጋገጥ ግን ግንዱን መቁረጥ ያስፈልጋል። ዛሬ የጠወለገ፣ ገና ያልደረቀ ተክል ነቅለው ከሥሩ ከፍ ብሎ ካለው ግንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ይቁረጡ። ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ላይ በክር ያንጠልጥሉት፤ ቁራጩ ጫፉ ብቻ ውሃ ይንካ፣ ብርጭቆውም አይነቃነቅ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ከተንጠባጠበ ባክቴሪያ ነው። ክሩ ካልወጣ ግንዱን በቁመቱ ይሰንጥቁት፦ ከልጡ ሥር ቡናማ መስመር ካለና የታችኛው ቅጠል በአንድ ወገን ቢጫ ከሆነ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ነው። ሥሩ ላይ እባጭ ካለ ኔማቶድን (በዓይን የማይታይ የሥር ትል) ይጠርጥሩ።

ማንኮዜብ የሚሠራው ቅጠል ላይ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ ውሃ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ከውስጥ ይደፍናል፤ መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ። ውሃ መጨመርም ይጎዳል፣ ባክቴሪያው በቦይ ይጓዛልና። የጠወለጉት ተክሎች የቦዩን ፈሰስ ተከትለው መደርደራቸውን ልብ ብለው ይዩ።

የታመመውን ከሥሩ ዙሪያ ካለው አፈር ጋር ነቅለው በማዳበሪያ ከረጢት ያውጡና ያቃጥሉት፤ ቦይ ውስጥ አይጣል። ውሃው መጀመሪያ ጤነኛው መደብ፣ የታመመው በመጨረሻ ይጠጣ። ዶማና መኮትኮቻውን ከአፈር አጥበው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይንከሩ።

መሬቱ ላይ ቢያንስ ለ3 ዓመት ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ድንች፣ ደበርጃን አይተከል። ማሽላ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ ይዝሩበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ዳር ላይ የበቀለው አስተናግርና እምቧይ ነው፤ የቲማቲም ዘመድ ስለሆኑ በሽታውን ያቆዩታል፣ ከነሥራቸው ይነቀሉ።

ፉዛሪየም ከሆነ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ይፈልጉ፣ ዩሪያም አያብዙ። ለችግኝ መደብ ብቻ፣ በግንቦትና ሰኔ ሐሩር፣ አፈሩን አርጥበው ዳር ዳሩ በአፈር በተደፈነ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ጥርት ያለ ላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሸፍኑት። ጥቁሩ ላስቲክ አፈሩን ያን ያህል አያሞቀውም።